አንዲት ድራጎን በስንት ዓመት ትገኛለች?

ባለፈው እትም ስለ ፍላይት ራይዚንግ ጥቂት ጽፌ ነበር። ላላነበባችሁት በአጭሩ፦ ድራጎን እያዳቀሉ፣ እያሳደጉ፣ እየተለዋወጡ የሚጫወቱት የኢንተርኔት ጨዋታ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ነው የተጀመረው። እኔ ቀን ቀን የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ ማታ ማታ ደግሞ ድራጎን አዳቅላለሁ። ጽሑፉ ከወጣ በኋላ ብዙ ደብዳቤ ደረሰኝ። ዛሬ አራቱን እመልሳለሁ። የመጀመሪያው ረዘም ይላል፤ ይገባዋልም።

*

«ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። የ15 ዓመት ልጄ ሁለት ዓመት ሙሉ ስታዳቅል ቆይታ አንዲት ጥቁር ድራጎን አገኘች። ኢምፔሪያል የሚሉት ዘር ናት፤ ሦስቱም ቀለሟ ኦብሲዲያን ነው አለችኝ። ባለፈው ሳምንት አንድ ሰው ‹መጀመሪያ አንቺ ላኪልኝ፣ ጄሙን ነገ እልክልሻለሁ› ብሏት ላከችለት፤ ጄም የጨዋታው ገንዘብ ነው አለችኝ። ሰውየው በዚያው ጠፋ። ልጄ ሁለት ቀን እህል በአፏ አልዞረም። ‹ሥዕል አይደለች እንዴ? ሌላ ትወለዳለች› ብላት ይባስ አለቀሰች። ምን ብዬ ላጽናናት? ሌላም ልጠይቅሽ። ሳሎናችን ውስጥ ቅዱስ ጊዮርጊስ ዘንዶውን ሲወጋ የሚያሳይ ሥዕል ተሰቅሏል። ልጄ ከሥሩ ቁጭ ብላ ዘንዶ ታረባለች። ይሄ ነገር ደግ ነው?»

እናት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

እናቴ፣ ልጅዎ ያለቀሰችው ለሥዕል አይደለም። ምን እንደጠፋባት ልቁጠርልዎት።

እያንዳንዱ ድራጎን ሦስት ቀለም አለው። አንዱ የገላው ነው፣ ሁለተኛው የክንፉ፣ ሦስተኛው ደግሞ የጌጣጌጡ። በጨዋታው 177 ቀለም አለ። ቀለሞቹ እንደ መቁጠሪያ ዶቃ ክብ ሠርተው፣ ተራ ይዘው የተሰደሩ ናቸው። ሁለት ድራጎኖች ሲዳቀሉ የልጁ ቀለም ከእናቱ ዶቃ እስከ አባቱ ዶቃ፣ በአጭሩ መንገድ ካሉት አንዱ ይሆናል። የትኛው እንደሚሆን ዕጣ ነው።

ለምሳሌ እናትየው «ኮል»፣ አባትየው «ኦብሲዲያን» ቢሆኑ፣ መሐላቸው «ኦይልስሊክ» እና «ብላክ» አሉ። አራት ዶቃ ማለት ነው። ጫጩቱ ኦብሲዲያን የመሆን ዕድሉ ከአራት አንድ ነው። ይሄ ለአንዱ ቀለም ብቻ ነው። ለሦስቱም እንዲያ ከሆነ አራት ጊዜ አራት ጊዜ አራት፣ 64 ይመጣል። ከ64 ጫጩት አንዷ ናት ሦስቱም ቀለሟ ኦብሲዲያን የምትሆነው፤ ያውም በአማካይ። ዕጣው ካልቀናት መቶም ሊያልፍ ይችላል።

አሁን ደግሞ ጊዜውን ይጨምሩበት። እንቁላሉ ጎጆ ውስጥ አምስት ቀን ይታቀፋል፤ በየቀኑ ገብቶ አንዴ ማሞቅ የባለቤቱ ሥራ ነው። ወላጆቹ ከወለዱ በኋላ እንደ ዘራቸው ከ15 እስከ 35 ቀን ያርፋሉ። የኢምፔሪያል ዕረፍት ወር ገደማ ነው። ስለዚህ አንድ ጥንድ በዓመት 12 ጊዜ ያህል ይወልዳል። በየጎጆው ሁለት ሦስት ጫጩት ቢገኝ በዓመት 30 ያህል ይሆናል። በሁለት ዓመት 60። ልጅዎ «ሁለት ዓመት» ያለችዎት እንዲሁ ለወሬ አይደለም። ሂሳቡ ልክ እዚያው ላይ ነው የሚያርፈው።

«ታዲያ ገዝታ ቀለሙን አትቀይረውም?» ይሉ ይሆናል። ዘሩ ከጨዋታው በሚገዛ ጥቅልል ይቀየራል። ጂኑም፣ ማለትም ቆዳው ላይ ያለው ነጠብጣብ ወይም ብልጭታ፣ በጥቅልል ይቀየራል። ትሬዠር የሚባለውን የጨዋታውን ሌላ ገንዘብ ያጠራቀመ ሰው «አይሪደሰንት» ገዝቶ ገላው ላይ፣ «ሺመር» ገዝቶ ክንፉ ላይ ያደርጋል። ቀለምን ግን እንደ ጨርቅ መርጦ መግዛት የለም። የታሰበ ቀለም የሚገኘው በአብዛኛው በመወለድ ነው። ለዚህ ነው ዋጋው ሁሉ እዚያ ላይ ያለው።

አንድ ነገር ልጨምርልዎት፤ እኔን ከዚህ ጨዋታ ጋር ያቆራኘኝ እሱ ነው። አያቴ መንዝ ነው የተወለዱት። አንድ ወጣት ለጋብቻ ሲጠየቅ አያቴ ምድጃው ዳር ተቀምጠው በጣታቸው ሰባት ቤት ይቆጥሩ ነበር። የእገሌ ልጅ፣ የእገሌ ልጅ እያሉ። አንድ ስም ከሁለቱም ወገን ከመጣ ነገሩ አበቃ። ፍላይት ራይዚንግ ላይ ስገባ ያገኘሁት ይህንኑ ነው። ድራጎኖች እስከ አምስት ትውልድ ድረስ ዝምድና ካላቸው አይዳቀሉም። ጨዋታው ራሱ ይከለክላል። እያንዳንዱ ድራጎን የዘር ሐረጉ የተጻፈበት ገጽ አለው። እኔ የድራጎኖቼን ሐረግ ባለ ካሬ ደብተር ላይ እጽፋለሁ፤ አባት በሰማያዊ፣ እናት በቀይ። ከአያቴ የቀረኝ ልማድ ይመስለኛል።

ይህም ከዋጋው ጋር ይገናኛል። አልፎ አልፎ ከሚገኝ እንቁላል የሚፈለፈል፣ እናትና አባት የሌለው ድራጎን አለ። አንደኛ ትውልድ ይባላል። የእነሱ ልጅና የልጅ ልጅ ሐረጋቸው አጭር ነው። ስለዚህ ከብዙዎች ጋር ይጋባሉ። ሐረጉ የተንዛዛ ድራጎን ግን ቀለሙ ቢያምርም «ዘመድ ነው» እየተባለ ሲመለስ ይውላል። የልጅዎ ድራጎን ስንተኛ ትውልድ እንደነበረች ይጠይቋት። ሦስተኛ ወይም አራተኛ ካለችዎት ሐዘኗ በዚያው ልክ ነው።

አሁን ወደ ማጽናናቱ። «ሌላ ትወለዳለች» ማለትዎ ሐሰት አይደለም። ችግሩ እሱ ሳይሆን ቀድሞ መምጣቱ ነው። ቤታችን ሐዘን ሲገባ መጀመሪያ ምን እናደርጋለን? ቁጭ ብለን ስለሄደው እንጠይቃለን። እርስዎም «ስሟ ማን ነበር? አሳይኝ» ይበሏት። ታሳይዎታለች። እያንዳንዱ ድራጎን ቁጥር አለው፤ እጅ ቢቀይርም ቁጥሩ አይቀየርም፣ ገጹም ለማንም ይታያል። በወላጆቿም ገጽ ላይ ልጅነቷ እንደተጻፈ ይኖራል። ዓይኗን ደግሞ አስተውለው ይዩት። የዓይን ቀለም የሚወሰነው የተወለደችበት ጎጆ ባለቤት በተሰለፈበት ወገን ነው፤ በጨዋታው የእሳት፣ የውሃ የሚባሉ ወገኖች አሉ። ዛሬ ያለችበት ቦታ ሌላ ቢሆንም ዓይኗ የልጅዎን ቤት ይናገራል።

ከዚያ በኋላ ሥራ አለ። በድራጎኗ ቁጥርና በተጻጻፉት መልእክት ለጨዋታው አስተዳዳሪዎች ታመልክት። ትመለሳለች ብዬ ተስፋ አልሰጥዎትም፤ ግን ያ ሰው ነገ ሌላዋን እንዳይሸውድ ይጠቅማል። ወላጆቿ አሁንም በልጅዎ እጅ ካሉ ደግሞ ጎጆው አልፈረሰም።

ለወደፊቱ ከእኔ አንድ ሕግ ትያዝ። ጨዋታው ውስጥ «ክሮስሮድስ» የሚባል የመለዋወጫ ቦታ አለ። አንዱ ድራጎኑን ያስቀምጣል፣ ሌላው ጄሙን ያስቀምጣል። ሁለቱም ያለውን አይተው እሺ ሲሉ ብቻ ይተላለፋል። እዚያው ቦታ ላይ ግን በአንድ ወገን ባዶ ሆኖ እንደ ስጦታ መላክም ይቻላል። ልጅዎ የተበላችው በዚህ ይመስለኛል። የወዲያኛው ሳጥን ባዶ ከሆነ እጅ አይነሳም። ሰውየው ቢለማመጥ፣ ቢምል፣ «እናቴ ታማብኝ ነው» ቢል፣ ሳጥኑ ባዶ ነው። ሐቀኛ ሰው ጄሙን ለማስቀመጥ ነገን አይጠብቅም።

ስለ ቅዱስ ጊዮርጊስ ሥዕል የጠየቁኝን በቀላሉ አላልፈውም። እኔም ቤት አለ። ነጩ ፈረስ፣ ጦሩ፣ ብሩታዊት ዛፉ ላይ ሆና። እናቴም እንደ እርስዎ ጠይቃኛለች። ያልኳትን ልንገርዎት። በእኛ ሥዕል ዘንዶው ሰው የሚበላ ክፉ ነው። የጨዋታው ድራጎኖች ግን በሌላ ሕዝብ ተረት ውስጥ ያሉ ፍጥረታት ናቸው፤ የሚናገሩ፣ ጎጆ የሚሠሩ። እውነቱን ሳልደብቅ ግን፣ በጨዋታው ተረት ውስጥ 11 አማልክት አሉ። እያንዳንዱ ተጫዋች በአንዱ ወገን ይሰለፋል፤ የእሳት፣ የውሃ፣ የብርሃን እየተባለ። ልጆቹ የሚያዩት እንደ ቡድን ነው፣ ማሊያ እንደመልበስ። ጸሎት የለም፣ ስግደት የለም። እርስዎ ግን የእኔን ቃል ብቻ አይያዙ። አንድ ቀን አጠገቧ ተቀምጠው እሷ ትተርክልዎት። ቤቱ የእርስዎ ነው፤ ይሁን አይሁን የሚሉት እርስዎ ነዎት። ብቻ ውሳኔው ለቅሶዋ ሳይበርድ አይሁን። ለቅጣት ይመስላታል።

*

«ሰላም ላንቺ። ዱባይ ነው የምሠራው። ከጨዋታው ከገባሁ ቆየሁ፤ ቆንጆ ቆንጆ ድራጎኖች አሉኝ። አንድ ሰው በድርሃም ልግዛቸው ብሎኛል። ስንት ልበለው?»

ወንድሜ፣ ምንም አትበለው። ድራጎንን በእውነተኛ ገንዘብ መሸጥ በጨዋታው ሕግ ክልክል ነው። ከታወቀ መለያህ ይዘጋል፤ አንዷ ብቻ ሳትሆን ሁሉም ይሄዳሉ። ሰውየው ገንዘቡን ባይልክልህም ለማን ትከሳለህ?

ጄም በእውነተኛ ገንዘብ ከጨዋታው ይገዛል። ተመልሶ ግን ገንዘብ አይሆንም። በሩ ወደ አንድ ወገን ብቻ ነው የሚከፈተው። ለቤተሰብ የምትልከውን ገንዘብ ከዚህ አትጠብቅ። የአመሻሽ ዕረፍትህ አድርገው፤ ለዚያ እኮ በቂ ነው።

*

«የምኖረው እስራኤል፣ ነታንያ ከተማ ነው፤ 16 ዓመቴ ነው። ታናሽ ወንድሜ ስልኬን ወስዶ አንዱን ድራጎኔን ‹ኤግዞልት› አደረገው። ብር ሰጠኝ ብሎ ደስ አለው። መመለስ ይቻላል?»

አይቻልም፣ የኔ እህት። ኤግዞልት ማለት ድራጎኑን ለወገንሽ አምላክ አገልጋይነት መላክ ነው። ጨዋታው ትሬዠር ይከፍልሻል፣ ድራጎኑም ላይመለስ ይሄዳል። ተጫዋቾች ተራ ቀለም ያላቸውን ጫጩቶች የሚሸኙት በዚህ ነው፤ ወገኖች በሳምንቱ የሚወዳደሩትም ብዙ በመላክ ነው።

ወንድምሽን አትቆጪው፤ ለእሱ ቁልፍ ተጭኖ ሳንቲም ሲወርድ ነው ያየው። የራሱ አንድ ጫጩት ስጪው። ስም ያውጣላት፣ ያብላት። ስም ያወጣላትን በቀላሉ አይሸኛትም። ስልክሽንም በኮድ ቆልፊው።

*

«ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። ሌሎች የድራጎን ጨዋታዎችም አይቻለሁ። መብራት ይጠፋል፣ ዳታም ውድ ነው። የትኛው ይሻለኛል? ብጀምርስ በምን ጥንድ ልጀምር? ብርቅ የሆነ ድራጎን የራሴ እጅ ያወጣው እንዲኖረኝ ነው የምፈልገው።»

የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገርሽ ደስ አሰኘችኝ። «የራሴ እጅ ያወጣው» ያለ ሰው አዳቃይ ነው።

መብራት ለሚጠፋበት ሰው ሁለቱን ላወዳድርልሽ። ድራጎን ኬቭ የሚባል አለ፤ እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ ያለ የቆየ ጨዋታ ነው። ነፃ ነው፣ ቀላልም ነው። እዚያ ግን እንቁላል የሚኖረው 7 ቀን ብቻ ነው። እንዲፈለፈል ሌሎች ሰዎች ገጹን ከፍተው ሊያዩልሽ ይገባል። በቂ ሰው ካላየው ይሞታል። ቶሎ ቶሎ እንዲታይ ብለሽ ከልክ በላይ ብታሳዪው ደግሞ ይታመማል። ሕፃን ልጅ ለእንግዳ ሲበዛበት እንደሚያመው ማለት ነው። በጣም ያምራል፤ ግን ሦስት ቀን መብራት ከጠፋ ልብሽ ይሰቀላል።

ፍላይት ራይዚንግ ታጋሽ ነው። አንድ ቀን ሳታሞቂ ብትቀሪ እንቁላሉ አይሞትም፤ ይጠብቅሻል። ባታበያቸው ይደክማሉ እንጂ አይሞቱም። የሚጫን ነገር የለውም፤ በአሳሽ ነው የሚከፈተው፣ አብዛኛውም የቆመ ሥዕል ነው። ቪዲዮ የሚያይ ጓደኛሽ የሚጨርሰውን ዳታ ያህል አይበላም። ለአንቺ እሱን እመርጥልሻለሁ።

ሰዓቱን ያዥ። የጨዋታው ቀን የሚቀየረው በአሜሪካ የፓስፊክ ሰዓት እኩለ ሌሊት ላይ ነው። በእኛ አቆጣጠር ከመጋቢት መጀመሪያ እስከ ጥቅምት መጨረሻ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ይሆናል፤ በቀሪዎቹ ወራት 5 ሰዓት። እኔ ሥራ ቦታ የሻይ ሰዓቴ ስለሆነ ተመችቶኛል። ቡናዬ ሳይበርድ እንቁላሎቼን አሙቄ እዘጋዋለሁ። አንቺም በሁለት ክፍለ ጊዜ መሐል ትጨርሺዋለሽ።

አሁን ጥንዱ። ስትመዘገቢ ሁለት ድራጎን ይሰጡሻል። ውደጃቸው፤ ግን ለብርቅ ድራጎን ከእነሱ አትጀምሪ። ቀለማቸው ብዙ ጊዜ የተራራቀ ስለሚሆን ጫጩቱ ከ30 ወይም ከ40 ዶቃ የትኛው እንደሚሆን አታውቂም። ትሬዠር እስክታጠራቅሚ ትንንሾቹን ጨዋታዎች ተጫወቺ። ከዚያ «ኦክሽን ሐውስ» ግቢ። ስሙ ጨረታ ይባል እንጂ ጨረታ የለም፤ ሻጩ ዋጋ ይጽፋል፣ የፈለገ ይገዛል።

እዚያ ስትገቢ ዓይንሽ ጥቅጥቅ ባለ ብልጭታና በሚያብረቀርቅ ልብስ ይሳባል። ተዪው። ጂኑን ቆይተሽ ትገዢዋለሽ፤ ልብሱም ይወልቃል። አንቺ የምትፈልጊው ሦስቱም ቀለማቸው የተቀራረበ ወንድና ሴት ነው። መፈለጊያው ላይ ቀለም በቀለም ማጣራት ይቻላል። የገላቸው ቀለም በሁለት ዶቃ፣ የክንፋቸው በሦስት፣ የጌጣቸው በሁለት ውስጥ ቢሆን፣ ሁለት ጊዜ ሦስት ጊዜ ሁለት፣ ከ12 አንዷ ያሰብሻት ትሆናለች። ለጀማሪ እሱ ጥሩ ነው። በአንድ ሴሚስተር ልታያት ትችያለሽ። ዘራቸው ደግሞ ዕረፍቱ 15 ቀን ከሆነው ይሁን፤ ፌይ ወይም ተንድራ። ኢምፔሪያል ትልቅና ግርማ ያለው ነው፤ ግን ወር መጠበቅ ጀማሪን ያሰለቻል። የፈለግሻት ቀለም ስትወለድ ዘሯን በጥቅልል ትቀይሪያለሽ።

ከመግዛትሽ በፊት የሁለቱንም የሐረግ ገጽ ክፈቺ። ዘመድ ሆነው ከተገኙ ብርሽ ባከነ። ሌላ ጥንቃቄ፦ አንዳንድ ሰው በዕድሜ ያረጀ፣ ቁጥሩ ትንሽ የሆነ ድራጎን ውድ አድርጎ ያቀርባል። ቁጥሩ ያነሰ ማለት ጨዋታው ሲጀመር የተወለደ ማለት ነው፤ ሰብሳቢዎች ይወዱታል። ለማዳቀል ግን ቁጥሩ ምንም አይጨምርልሽም።

አሮጌ ጥንድ ስትገዢም ሻጩ ስለ ልጆቹ የጻፈውን ቀኑን አይተሽ እመኚ። እ.ኤ.አ. እስከ 2016 ድረስ ቀለሞቹ 67 ነበሩ። በዚያ ዓመት ወደ 177 ሲሰፉ በአሮጌዎቹ መሐል አዳዲስ ገቡ። ቀድሞ ኮል እና ብላክ ጎረቤት ነበሩ፤ አሁን መሐላቸው ኦይልስሊክ አለ። ስለዚህ የድሮ ልጆችን ብቻ አይተሽ የነገውን አትገምቺ። ዶቃውን ራስሽ ቁጠሪ።

መሸጥ ስትጀምሪ ደግሞ ዜሮዎቹን ሁለት ጊዜ ቁጠሪ። እኔ አንዴ በስልክ፣ ታክሲ ውስጥ ሆኜ፣ 300,000 ትሬዠር ልል 30,000 ብዬ ለጠፍኩ። ሜክሲኮ ሳልደርስ ተሸጠች። ቤት ገብቼ ለገዢው ጻፍኩለት። ስህተቴ የራሴ እንደሆነ፣ የመመለስ ግዴታ እንደሌለበት ነገርኩት፤ የዚያችን ድራጎን አያትና ቅድመ አያት ያዳቀልኳቸው እኔ እንደሆንኩም ነገርኩት። በማግስቱ በዚያው በ30,000 ትሬዠር መልሶ አቀረበልኝ፤ በክሮስሮድስ፣ ሁለቱም ሳጥን ሞልቶ። ሰውየውን እስከ ዛሬ በስሙ አላውቀውም። በዓል ሲመጣ ግን አንድ ጫጩት እልክለታለሁ።

ጥንድሽን ስትመርጪ ቁጥራቸውን ጻፊልኝ። የቀለማቸውን ዶቃ ቆጥሬ፣ ሐረጋቸውንም አይቼ፣ በሚቀጥለው እትም እመልስልሻለሁ።